የሻምበል አስር ቀን

ማክሰኞ

ወረቀቱን በልቶታል። የክትባት ወረቀቱን። ከሶፋው ሥር ያገኘሁት አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ግማሽ ማኅተም፣ «ውሻ» የሚል ቃል፣ ከዚያ የጥርስ ቀዳዳ። ቀኑ የለም። የሐኪሙ ስም የለም። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ዛሬ ግን ሻምበል ኦቦ ደቻሳን ነክሷቸዋል።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልቀባጥር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኦቦ ደቻሳ እንደ ወትሮው ወተት ይዘው መጡ። ከጀርባችን ያለው ግቢ የእሳቸው ነው፤ አራት ላሞች አሏቸው፤ ሱሉልታ ከገባን ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ወተታችን ከእሳቸው ነው። በሩን ስከፍት ሻምበል በእግሬ መሃል ሾልኮ ወጣ። አስር ወሩ ነው። የጀርመን ውሻ ክልስ ነው፣ ቁመቱ ወገቤ ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፣ ጭንቅላቱ ግን ገና የቡችላ ነው። መጀመሪያ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘ። ሲጎትቱት ጨዋታ መሰለውና እሱም ጎተተ። ለማስለቀቅ እጃቸውን ሲሰዱ እጃቸውን ያዘ። አውራ ጣታቸው ሥር ሁለት ቀዳዳ። ደም።

ወዲያው ያደረግኩት፦

ውሻውን አሰርኩ።

እጃቸውን ከሮቶው ቧንቧ ሥር በሳሙና አጠብኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ። ልጄ ሶስና ሰዓቱን ይዛ ቆጠረች። «ባርሲፍቱ፣ ቆዳዬን ልትጨርሺው ነው እኮ» አሉ ኦቦ ደቻሳ። ባርሲፍቱ የሚሉኝ መምህርት ለማለት ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። በእግር። ባጃጅም ሚኒባስም የለም።

ነርሷ ቁስሉን አየች። «ውሻው ተከትቧል?»

«አዎ። እኔው ራሴ ወስጄ ነው ያስከተብኩት።»

«ወረቀቱስ?»

ቤት አለ አልኩ። ያኔ አላወቅኩም።

የእብድ ውሻ ክትባት እነሱ ጋ የለም፤ ከተማ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል። «ስለዚህ ውሻው ታስሮ አስር ቀን ይጠበቅ» አለች። «አስር ቀን ደኅና ከሆነ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። ምግብ እምቢ ካለ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ግን አንድ ሰዓት እንዳትቆዩ። መንገዱ ሲከፈትም ወደ ከተማ ይሂዱ።»

አስር ቀን። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ።

ሻምበል ጤነኛ ነው። አውቃለሁ። ማወቄን ግን ለማን ላሳይ?

ረቡዕ

የከተበው ሐኪም ስልክ ዝግ ነው። ስምንት ጊዜ ሞከርኩ።

ባሌ ብርሃኑ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው እህቱ ቤት ነው የሚያድረው፤ መመለሻ የለም። በስልክ፣ «ስጪው» አለኝ። «የአበባ እርሻው ጥበቃዎች ውሻውን ጠይቀውኝ ነበር፤ ስጪያቸው።»

«አስር ቀን ሳይሞላ የትም አይሄድም። እሱ ከጠፋ የሰውየውን ነገር በምን እናውቃለን?»

«እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ አይናከስም።»

«በምን ምክንያት?»

«አስተምረዋለሁ።»

ሳቀ። ይሳቅ። ትምህርት ቤቱ «እስኪነገራችሁ» ተብሎ ተዘግቷል፤ አርባ ስምንት ተማሪዎቼ ቤታቸው ናቸው፤ እኔ ጊዜ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ኦቦ ደቻሳ ቤት ሄድኩ። እሳቸው «ተይው፣ ልጅ ነው» አሉ፤ ውሻውን ማለታቸው ነው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ግን አልተቀበሉኝም። በር ላይ ቆመው፣ «እናንተ መጣችሁ፣ ቤት ሠራችሁ፣ እሺ አልን። አጥር አጠራችሁ፣ እሺ አልን። አሁን ደግሞ ውሻችሁ...» አሉና ተዉት።

ቤታችን ያረፈበት ቦታ የኦቦ ደቻሳ ወንድም የገብስ ማሳ ነበር። በወግ ገዝተነዋል። ቢሆንም።

«በየቀኑ ጠዋት መጥተው ይዩት» አልኩ። «ሲበላ ይዩት፣ ሲጠጣ ይዩት። ምንም አልደብቅም።»

«እኔ እዚያ በር ላይ አልደርስም» አሉ አዴ ጫልቱ።

«እኔ እመጣለሁ» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

ሐሙስ

እስከ ዛሬ የበላው፦ የጠረጴዛ አንድ እግር እስከ ግማሹ (ተነቅሎ ግቢ ውስጥ ተጥሏል)። የሶስና የሒሳብና የአማርኛ ደብተሮች። የብርሃኑ ጫማ፣ ሁልጊዜ ግራው። አምስት ሜትር የውሃ ጎማ። የሽንኩርት ቅርጫት ከነሽንኩርቱ። አንድ የክትባት ወረቀት።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ጥፋቱ የእኛ ነው። ቡችላ ሳለ ብርሃኑ በባዶ እጁ ይታገለው ነበር፤ ሶስናም ጣቶቿን አፉ ውስጥ እየከተተች ትስቅ ነበር። እጅ መጫወቻ ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። አሁን ጥርሱ ሲተልቅ እሱን ጥፋተኛ አደረግነው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግቢ ተዘግቶበት ነው የሚውለው። ምን ይሥራ?

አንደኛ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ አለንጋ እይዝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የተመታ ልጅ መደበቅ ነው የሚማረው እንጂ መተው አይማርም። ስለዚህ ዱላ የለም። ደንቡን የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፦

እጅ መጫወቻ አይደለም። ለማንም፣ መቼም።

ጥርሱ ከነካኝ ጨዋታው አለቀ። አልጮህም። ጀርባዬን ሰጥቼው ሃምሳ እቆጥራለሁ።

«አትብላ» ብቻ አይበቃም፤ «ይኼን ብላ» ማለት ያስፈልጋል። (የተቋጠረ የድሮ የቆዳ ጠፍር። ውሃ ውስጥ ተነክሮ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሆነ ጨርቅ፤ ድዱን ያበርድለታል።)

አፉ ያለውን ነገር በጉልበት አልነጥቅም። በሌላ ነገር እለውጠዋለሁ፣ «ልቀቅ» እያልኩ።

አስሩ ቀን እስኪሞላ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። የብርሃኑን አሮጌ የቆዳ ጃኬትና ቦት ጫማ ለብሼ ነው የምገባው። ሶስና በመስኮት ታያለች። «እማዬ፣ ወታደር መሰልሽ» አለችኝ።

ጠዋት ሃያ ሰባት ጊዜ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ። ይኼ ለውጥ ነው።

ኦቦ ደቻሳ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲበላ አዩት። «በላ» ብለው ሄዱ።

ዓርብ

ገበያው በኩል ተኩስ ነበር። ከዚያ የሚያቃጥል ጭስ መጣ፤ ዓይናችንን በእርጥብ ፎጣ ሸፍነን ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ሻምበል ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ግቢውን መዞር ጀመረ። ጠዋት ኦቦ ደቻሳ ሲወጡ በሩን በደንብ አልዘጋሁትም ነበር፤ በአፍንጫው ገፍቶት ወጣ።

መንገዱ ላይ ወታደሮች በሰልፍ እየሄዱ ነው። እኔ ያየሁት ውሻውን ብቻ ነው። በክፍል ድምፄ፣ አርባ ስምንት ልጅ ዝም በሚያሰኘው ድምፅ፣ «ሻምበል! ና ግባ!» አልኩ።

አንዱ ወታደር ዞር አለ። «ምን አልሽ?»

«ው... ውሻውን ነው።»

«ውሻሽን ነው ሻምበል ያልሽው?»

ባልደረባው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀ ነበር። የጠየቀኝ ግን አልሳቀም። አየኝ፣ ውሻውን አየ፣ «በርሽን ዝጊ» ብሎ ሄደ።

ሻምበል ተመልሶ ገብቷል። ይኼን ልብ አልኩት፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል ስጠራው መጣ። ሶስና ስሙን እንቀይረው አለች። አይሆንም፤ መስማት የጀመረው ገና ዛሬ ነው። ገመዱን በሰንሰለት ቀይሬዋለሁ።

ቅዳሜ

ጥሩ ቀን። ጥርሱ የነካኝ አራት ጊዜ ብቻ። ጓንቴን ወስዶ «ልቀቅ» ስለው ለቀቀ፣ ጠፍሩን ሰጠሁት። አጨበጨብኩ። ለውሻ አጨበጨብኩ!

ኦቦ ደቻሳ ዛሬ ቶሎ አልሄዱም። ቁስላቸው ደርቋል፣ አይመግልም። አጥሩን ተደግፈው አዲስ አበባ ወደዚህ ስለምትሰፋበት ማስተር ፕላን አወሩኝ። መሬት የሚለኩ ሰዎች ባለፈው ዓመት መጥተው ነበር። ወጣቶቹ አሁን የሚጮሁት ለዚያ ነው። «ካርታውን አሳዩኝ» አሉ። «ቤቴን ፈለግኩ፣ የለም። በረቴን ፈለግኩ፣ የለም። አረንጓዴ ቀለም ነው የተቀባው።»

«አረንጓዴ ምንድን ነው?»

«መናፈሻ ነው አሉ።» ፈገግ ብለው ነበር። «ሰው የሚናፈስበት።»

የእኛ ቤት በየትኛው ቀለም እንደተቀባ አልጠየቅኳቸውም። ፈራሁ።

እሁድ

ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ስወጣ ምግቡ እንዳለ ነው። አልነካውም። ሻምበል ጥግ ቆሟል፣ አፉ ግማሽ ተከፍቷል፣ ለሃጩ እስከ ደረቱ ወርዷል። በእግሩ ፊቱን ይመታል። ስጠራው ጭራውን ወዘወዘ፣ ግን አልመጣም።

የነርሷን ቃል አንድ በአንድ አስታወስኩት። ምግብ እምቢ። ለሃጭ። ጠባይ።

ደወልኩላት። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባለው ጥርጊያ ወደ ከተማ ለማለፍ እንሞክራለን አለች። «ለሰውየው ንገሪያቸው፣ ይዘጋጁ።»

እውነቱን ልጻፍ። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ልደብቃቸው አሰብኩ። በሩን ዘግቼ፣ በልቷል ብዬ ልመልሳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አዴ ጫልቱን ፈርቼ ይሆናል። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ አልበላም» አልኩ። «ለሃጩም እየወረደ ነው። ነርሷ ጋ ደውያለሁ።»

ገብተው ራቅ ብለው ቆሙና ብዙ አዩት።

«በእግሩ አፉን መምታት የጀመረው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ማታ ደኅና ነበር።»

«ውሃስ?»

«ይቀርባል፣ ይሞክራል። ከአፉ መልሶ ይፈሳል።»

«ውሃውን አልፈራም?»

«አልፈራም።»

«ላም እንደዚህ ስታደርግ የሆነ ነገር ተቀርቅሮባት ነው። አፉን እንየው።»

ጃኬቱን ለበስኩ። ጓንት ሳጠልቅ ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ አይደለሽም።»

«ውሻው የእኔ ነው።»

«አንቺ ልጅ ታሳድጊያለሽ። እኔን ነክሶኛል። ታሞ ከሆነ የእኔ ነገር አንዴ ሆኗል፤ ሁለቴ አይገድለኝም። አንቺ አንገቱን ያዢልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር የተናገረኝ ሰው የለም። የእቃ ማጠቢያ ጓንቴን ሰጠኋቸው፤ ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ግማሽ ድረስ ነው የገባው። የብርሃኑን ፒንሳ አመጣሁ። ዱላ ላይ ጨርቅ ጠቀለሉና መንጋጋዎቹ መሃል በአግድም አስገቡት። እኔ ከኋላው ተንበርክኬ አንገቱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ሂን ሶዳቲን» አሉት። አትፍራ ማለት ነው። ለእሱ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ሳቁ። «ባርሲፍቱ፣ ጠረጴዛሽን በልቷል እንዴ?»

ላንቃው ላይ ነው። የጣቴን ርዝመት የሚያህል የእንጨት ስንጥር፣ ከግራ የመንጋጋ ጥርስ እስከ ቀኝ፣ እንደ ድልድይ ተጋድሞ ተሰንቅሯል። አንዴ ሳቡት፣ አልመጣም። ሻምበል ቃተተ። «ልቀቅ፣ ልቀቅ፣ ጎበዝ» እላለሁ እኔ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሁለተኛ ሲስቡት ወጣ። ዱላውም አብሮ ወደቀና አፉ ተዘጋ፣ የኦቦ ደቻሳ እጅ ገና ውስጥ ነበር።

ሁላችንም አየን። ጥርሱ ጓንቱን ነካ። ቆመ። ከዚያ አፉን ከፍቶ እጃቸውን ተወው።

ሮጦ ውሃውን ጠጣ። ሳህኑን ጨረሰ። የትናንቱን ምግብ በላ፣ የዛሬውንም በላ።

ኦቦ ደቻሳ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ አለቀስኩ፣ ሶስናም መስኮቱ ላይ ሆና አለቀሰች። እንደገና አሥራ አምስት ደቂቃ አጠብኳቸው፣ እኔም ታጠብኩ። ዛሬ ስለ ቆዳቸው አልቀለዱም።

ነርሷ ጋ ደውዬ ነገርኳት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና፣ «ቢሆንም ቆጠራው አላለቀም» አለች። አውቃለሁ። አምስት ቀን ይቀራል። የጠረጴዛውን እግር በላስቲክ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ማክሰኞ

ትናንት አልጻፍኩም፤ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ሻምበል በላ፣ ጠጣ፣ አልነከሰም።

ዛሬ መንገዱ ተከፈተ። ኦቦ ደቻሳ፣ «ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ምን ያስኬደኛል» ብለው ነበር። ነርሷ ሂዱ ብላለች አልኩና ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋቸው። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ ሠርቷል። እንጦጦን ወረድን። ሆስፒታሉ መርፌ ወጋቸው፤ ውሻው እስከ ዓርብ ደኅና ከሆነ ቀሪው አያስፈልግም ተባለ።

ብርሃኑ አብሮን ተመለሰ። ግቢ እንደገባ እጁን እንደ ድሮው ሻምበል ፊት ወዘወዘ። «እጅ መጫወቻ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሻምበል ተቀመጠ። ብርሃኑ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ውሻው ተምሯል፤ ባሌ ገና ነው። ደንቡን እንዲያነብ ወጥ ቤት ሰደድኩት።

ረቡዕ

ብርሃኑ በሩ አጠገብ ጫማውን አውልቆ ትቷል። አሁን ቀኙም ተበልቷል። አልተናደድኩም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ብርሃኑ ማታ፣ «ጥበቃዎቹን ሌላ ውሻ ፈልጉ አልኳቸው» አለኝ።

ዓርብ

አስር።

ጠዋት ገና ከመንጋቱ ወጣሁ። ሻምበል አዛግቶ ተነሳ። በላ። ጠጣ። ጠፍሩን አንስቶ አመጣልኝ። ጥርሱ ጓንቴን እንኳን አልነካም። ነርሷ ጋ ደወልኩ፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። ኦቦ ደቻሳ ከእንግዲህ መርፌ የለባቸውም።

በሩ ሲንኳኳ እሳቸው ብቻ መሰሉኝ። አዴ ጫልቱም አብረዋቸው ነበሩ። አልገቡም፣ በሩ ላይ ቆመው ውሻውን አዩት። «ተቀመጥ» አልኩት፣ ተቀመጠ። አዴ ጫልቱ እኔንም ልክ እንደዚያው፣ ከላይ እስከ ታች፣ አዩኝ።

«ከስተሻል» አሉኝ።

«እርስዎም» አልኩ።

ከዚያ ገቡ። ወንበር አወጣሁላቸው። አዴ ጫልቱ፣ «ያን ቀን እሁድ፣ ይኼ ሽማግሌ ምን እንዳደረገ የነገረኝ ማታ ነው» አሉ። «ሁለታችሁንም በዱላ ልላችሁ ነበር።» ኦቦ ደቻሳ ወደ ውሻው እያዩ ያልሰሙ መሰሉ።

ሲነሱ ኦቦ ደቻሳ ቆም አሉ። «ባርሲፍቱ፣ ረቡዕ ስብሰባ አለ። ስለ መሬቱ ነው፣ ቀበሌ። ገበሬው በአንድ በኩል ይቀመጣል፣ ቤት የሠራችሁት በሌላ በኩል ትቀመጣላችሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት።

«ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰገኑኝ። ማመስገን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አሁን እያሰብኩበት ነው። የጎረቤቶቻችን ፊት ይታየኛል፤ የምናገረውን አላውቅም፤ እዚያ ተቀምጬ ዝም ብል ራሱ ምን እንደሚባል አላውቅም። ለብርሃኑ ገና አልነገርኩትም። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል ተብሏል፤ ከአርባ ስምንቱ ስንቱ እንደሚመጣም አላውቅም። ግን እሄዳለሁ፣ ከእነሱ ጋር እቀመጣለሁ።

ልነሳ። ሻምበል ጓሮ የሆነ ነገር አግኝቷል፤ ሲያኝክ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።